የበራው መስኮት የትኛው ነው?

(መለያ ሙዚቃ ይሰማል፤ ቀስ እያለ ዝቅ ይላል።)

ሳምንታዊው የጤና ዝግጅታችን ጀምሯል። ቡና አቀራርባችሁ የተቀመጣችሁ እንደተቀመጣችሁ አዳምጡን፤ ታክሲ ውስጥ ያላችሁ ደግሞ ሹፌሩን "ድምፁን ከፍ አድርግልን" በሉት።

የዛሬው ወሬያችን ስለ አባቶች ነው። ይሁንና የአባትን ቀጠሮ የምታስታውሰው ብዙ ጊዜ እናት ናት፤ ተሰልፎ ካርድ የሚያወጣውም ልጅ ነው። ስለዚህ "እኔን አይመለከተኝም" ብሎ የሚነሳ እንዳይኖር አደራ።

ስለ ፕሮስቴት ካንሰር እናወራለን። ጉዳዩ ሰፊ ነው፤ እኔ አንዲት ጥያቄ ብቻ መርጫለሁ። የሆርሞን ሕክምና የጀመረ ሰው፣ ሕክምናው እየሠራለት መሆኑ በምን ይታወቃል?

ጥያቄዋን ልድገማት። መርፌው ተወግቷል፤ ክኒኑ ተውጧል፤ ሦስት ወር አልፏል። ካንሰሩ ተኝቷል ወይስ ነቅቷል? በምን ዓይን እንየው?

(አጭር ሙዚቃ። ከዚያ የምሽት ድምፅ፦ ከሩቅ የልጆች ጨዋታ፣ የበር መዝጊያ።)

ኮዬ ፈጬ የምትኖሩ አድማጮቻችን የምነግራችሁን ነገር ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። ቀን በቱሉ ዲምቱ በኩል ስትመጡ ኮንዶሚኒየሞቹ ከሩቅ ይታያሉ። ብሎኩ ከብሎክ፣ መስኮቱ ከመስኮት ይመሳሰላል። የትኛው ቤት ሰው እንደገባበት፣ የትኛው እንደተቆለፈ እንደቀረ ከውጭ ሆኖ መለየት ይቸግራል።

ሲመሽስ? ሲመሽ ሕንጻው ራሱ ይናገራል። ሦስተኛ ፎቅ ላይ አንድ መስኮት በርቷል፤ እራት እየተሠራ ነው። ከጎኑ ያለው ጨለማ ነው። ግድግዳው ያው ግድግዳ ነው፤ ልዩነቱ ውስጥ ሕይወት መኖሩና አለመኖሩ ነው።

በሕክምናም እንዲሁ ነው፤ ራጅና ሲቲ ስካን የቀን ፎቶ ናቸው። ቅርጽ ያሳያሉ፤ ዕብጠቱ የት እንዳለ፣ ስንት ሴንቲ ሜትር እንደሆነ ይነግሩናል። ዛሬ የማወራላችሁ ምርመራ ግን የማታው ፎቶ ነው። ሴሉ ስኳር ይበላል? ግንባታ ላይ ነው? ቤቱ በርቷል ወይስ ጠፍቷል? ሐኪሞች ይህን የሰውነት ውስጣዊ ሥራ ሜታቦሊዝም ይሉታል፤ ምግብን ወደ ጉልበትና ወደ አካል መለወጥ ማለት ነው። ይህን ሥራ የሚያሳየው ፎቶ ደግሞ የሜታቦሊዝም ምስል ይባላል።

አያችሁ፣ ካንሰር ሲታከም መጀመሪያ የሚጠፋው መብራቱ ነው። ግድግዳው እስኪፈርስ ጊዜ ይወስዳል። የቀን ፎቶ ብቻ የሚያይ ሰው "ሕንጻው ያው ቆሟል፤ መድኃኒቱ አልሠራም" ብሎ ሊደነግጥ ይችላል። ማታ ቢያየው ግን ሁሉም መስኮት ጨልሟል።

(አጭር ሙዚቃ)

እስቲ ወደ ኋላ እንመለስ። ፕሮስቴት ምንድን ነው?

ፕሮስቴት ወንዶች ብቻ ያላቸው ዕጢ ነው። ከሽንት ፊኛ ሥር ተቀምጦ የሽንት ቧንቧውን እንደ ቀለበት ይከበዋል። ሥራው ለወንድ ዘር የሚሆን ፈሳሽ ማዘጋጀት ነው። ዕድሜ ሲገፋ በብዙ ወንዶች ላይ ያብጣል። ሽንት ይቆራረጣል፤ ሌሊት ሦስት አራት ጊዜ ያስነሳል። ይህ ዕብጠት አብዛኛውን ጊዜ ካንሰር አይደለም። ደግሜ ልበለው፤ የፕሮስቴት ማበጥ ሁሉ ካንሰር አይደለም። ግን ሁለቱን የሚለየው ሐኪም ነው፤ ጎረቤት አይለየውም።

ዕድሜያችሁ ገፋ ያለ አድማጮቻችን ፕሮስቴት የሚለውን ቃል በሬዲዮ የሰማችሁበትን ቀን ታስታውሱ ይሆናል። በነሐሴ 1967 ዓ.ም. ደርግ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ሞት ሲያውጅ መግለጫው የፕሮስቴት ቀዶ ሕክምናቸውን አንስቶ ነበር። ሐኪማቸው ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ ግን ሕክምናው ያመጣው ችግር አልነበረም ብለው መግለጫውን አልተቀበሉትም። ይህን የማነሳው ያለ ምክንያት አይደለም። ቃሉ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ በብዙ አባቶች ጆሮ ከሞት ጋር ተቆራኝቶ ቀርቶ ከሆነ፣ ዛሬ ብናላቅቀው ደስ ይለኛል።

አሁን ወደ ሆርሞኑ። የፕሮስቴት ሴል፣ ጤነኛውም ሆነ ካንሰር የሆነው፣ የሚኖረው ቴስቶስትሮን በሚባለው የወንድ ሆርሞን ነው። ቴስቶስትሮን ለፕሮስቴት ካንሰር፣ ውሃ ለቡቃያ እንደሆነው ነው። ውሃውን ከምንጩ ብትዘጉት ምን ይሆናል? ቡቃያው ይጠወልጋል።

ይህን ያሳየው ቻርልስ ሃጊንስ የሚባል፣ ካናዳ ተወልዶ አሜሪካ፣ ቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ይሠራ የነበረ ሐኪም ነው። ጊዜው እ.ኤ.አ. 1941 ነበር፤ ንጉሠ ነገሥቱ ከስደት ተመልሰው አዲስ አበባ የገቡበት ዓመት። ሃጊንስና ባልደረባው ክላረንስ ሆጅስ ካንሰሩ ወደ አጥንት ለተዛመተባቸው ሰዎች የወንድ ሆርሞን ምንጩን ዘጉ። በብዙዎቹ ሕመሙ ረገበ። ሃጊንስ ለዚህ ሥራው እ.ኤ.አ. በ1966 የኖቤል ሽልማት አገኘ።

ለዛሬው ርዕሳችን ከሽልማቱ የሚበልጥ ነገር አለ። ሃጊንስ ሕክምናው መሥራቱን ያወቀው በምን ይመስላችኋል? በሽተኛውን "ተሻለህ?" ብሎ በመጠየቅ ብቻ አልነበረም። ከሚዛመት ካንሰር ወደ ደም የሚወጣ፣ አሲድ ፎስፋቴዝ የሚባል ንጥረ ነገር ይለካ ነበር። ሕክምናው ሲሠራ ልኬቱ ይወርዳል። መብራቱን በሩቁ፣ በደም ውስጥ ያነበው ነበር ማለት ነው። የሆርሞን ሕክምናና ክትትሉ መንታ ሆነው ነው የተወለዱት። ክትትል የሌለው የሆርሞን ሕክምና መንታውን ያጣ ልጅ ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን አንድ አባት በዓይነ ሕሊናችን እናስቀምጥ። ይህ ሰው ምሳሌ ነው። ጋሼ እንበለው። ጋሼ ኮዬ ፈጬ አራተኛ ፎቅ ይኖራል። ወገቡን ያመዋል። ብርድ ነው፣ የአልጋ ምቾት ማጣት ነው ብሎ ከረመ። አንድ ቀን ጀሪካን ተሸክሞ ሲወጣ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ቆመ። ደረጃው ላይ ተቀመጠ። የጎረቤት ልጅ ጀሪካኑን ተቀበለችው። ጋሼ ሐኪም ቤት የሄደው በማግስቱ ነው።

ሐኪሙ መረመረው፤ ደም ላከ፤ ከፕሮስቴቱ ናሙና ተወሰደ፤ ካንሰር መሆኑ ተረጋገጠ፤ አጥንት ውስጥም ገብቷል። ወደ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ተላከ። ጥቁር አንበሳ ለረጅም ዓመታት በአገራችን የጨረር ሕክምና የሚሰጥበት ብቸኛው ማዕከል እንደነበር ታውቃላችሁ።

ለጋሼ ሁለት መንገድ ተነገረው። አንደኛው በየወሩ ወይም በየሦስት ወሩ የሚወጋ መርፌ ነው። ከአንጎል ወደ ዘር ፍሬ የሚሄደውን ትእዛዝ ያቆማል፤ ቴስቶስትሮኑ ይደርቃል። ሁለተኛው በቀላል ቀዶ ሕክምና የዘር ፍሬን ማውጣት ነው። አንድ ጊዜ ይሠራል፤ መርፌ ጠፋ፣ ዋጋው ጨመረ የሚባል ነገር የለም።

እዚህ ላይ ጋሼ ዝም አለ። በቋንቋችን "ስልብ" የሚለው ቃል ምን ያህል እንደሚከብድ እናውቃለን። ስለዚህ በግልጽ እንነጋገር። መርፌውም ቀዶ ሕክምናውም የሚሠሩት አንድ ሥራ ነው። በሁለቱም የወሲብ ፍላጎት ይቀንሳል፤ ሙቀት ድንገት ሽው ይላል፤ ላብ ያጠምቃል፤ ጡንቻ ይሟሽሻል፤ አጥንት ይሳሳል። ይህን መደበቅ ተገቢ አይደለም፤ ለባለቤትም አስቀድሞ መነገር አለበት። ሰውየው ግን ያው ሰውዬ ነው። አባትነቱም፣ ቃሉም፣ በዕድር ውስጥ ያለው ወንበርም አይነኩበትም።

ጋሼ መርፌውን መረጠ። እዚህ ጋ ጆሮ ስጡኝ። ብዙ ጊዜ የሚሰጠው የመርፌ ዓይነት በመጀመሪያዎቹ አንድ ሁለት ሳምንታት ቴስቶስትሮንን ከመቀነሱ በፊት ከፍ ያደርገዋል። ለዚህ ነው ሐኪሙ ከመርፌው ጋር ወይም ቀደም ብሎ ክኒን የሚያዝዘው። "መርፌው እያለ ክኒኑ ለምን?" ብሎ የሚተወው ሰው አለ። አትተዉት።

(አጭር ሙዚቃ)

ሦስት ወር አለፈ። ጋሼ ደረጃውን ሳይቆም ይወጣል። ጥያቄያችን መጣች። ካንሰሩ ተኝቷል ወይስ ነቅቷል?

መጀመሪያ የሚታየው ፒ.ኤስ.ኤ. የሚባለው የደም ምርመራ ነው። የፕሮስቴት ሴል የሚያመርተው ፕሮቲን ነው። የሆርሞን ሕክምና ሲይዝ ይህ ልኬት ቁልቁል ይወርዳል። በስድስትና ሰባት ወር ውስጥ ወደ ዜሮ የተጠጋለት ሰው፣ ከፍ እንዳለ ከቀረበት ሰው የተሻለ ተስፋ አለው። አብሮት ቴስቶስትሮን ራሱ መለካት አለበት። ለምን? ፒ.ኤስ.ኤ. ካልወረደ ጥፋቱ የመርፌው ይሁን የካንሰሩ የሚለየው በዚህ ነው። ቴስቶስትሮኑ ካልወረደ መርፌው ሥራውን አልሠራም፤ ወይ ቀኑ አልፎበታል። ቴስቶስትሮኑ ወርዶ ፒ.ኤስ.ኤ. ከወጣ ግን ካንሰሩ ያለ ውሃ መኖርን ተምሯል፤ ሌላ መድኃኒት ያስፈልገዋል።

ይህን በልባችሁ ያዙልኝ፤ ፒ.ኤስ.ኤ. ብቻውን አይበቃም፤ ቴስቶስትሮንም ይለካ። በተቻለ መጠን ደግሞ በአንድ ላቦራቶሪ ይሁን፤ የተለያየ ቦታ የተለካ ቁጥር ማወዳደር በሁለት ሚዛን እንደመመዘን ነው።

ታዲያ ደም ይህን ሁሉ ከነገረን ምስል ለምን አስፈለገ? ጥሩ ጥያቄ ነው። ደም ድምሩን እንጂ ቦታውን አይነግረንም። በአሥር ቦታ ያለ ካንሰር ስምንቱ ተኝቶ ሁለቱ ሊነቃ ይችላል። ደግሞም ካንሰሩ ጠባዩን ሲለውጥ ፒ.ኤስ.ኤ. ሳያመርት የሚያድግበት ጊዜ አለ። ያኔ መስኮቶቹን አንድ በአንድ ማየት ያስፈልጋል።

(አጭር ሙዚቃ)

በመጀመሪያ የአጥንት ስካንን እንይ። ቴክኒሺየም የሚባል፣ መጠነኛ ጨረር ያለው መድኃኒት በደም ሥር ይሰጣል። ጥቂት ሰዓት ይጠበቃል። ከዚያ ሰውየው ካሜራ ሥር ይተኛል። ጨረሩ በየስድስት ሰዓቱ በግማሽ እየደከመ ይጠፋል።

ግን ልብ በሉ። የአጥንት ስካን የሚያየው ካንሰሩን ራሱን አይደለም። የሚያየው አጥንት ገንቢዎቹን ነው፤ በሌላ አነጋገር ግንበኞቹን። ካንሰር አጥንቱን ሲያፈርስ ግንበኞች ይሰበሰባሉ፤ ቦታው ምስሉ ላይ ይደምቃል።

አሁን አስቡት። የሆርሞን ሕክምናው ሠራ፤ ካንሰሩ ሞተ። የፈረሰውን አጥንት ማን ይጠግናል? እነዚያው ግንበኞች! በብዛት ይመጣሉ። ምስሉ ላይ ነጥቡ ከበፊቱ ይልቅ ይደምቃል፤ አዲስ ነጥብ የመጣም ይመስላል። ሰውየው እየተሻለው፣ ሕመሙ ረግቦ፣ ፒ.ኤስ.ኤ. ወርዶ፣ ምስሉ "ብሷል" ይላል። ሐኪሞች ይህን ፍሌር ይሉታል፤ በመጀመሪያዎቹ ወራት የሚታይ ነው።

በዚህ ምስል ተስፋ ቆርጦ መድኃኒት የሚያቋርጥ ሰው እንዳይኖር እለምናችኋለሁ። በመጀመሪያዎቹ ወራት የተነሳ የአጥንት ስካን ብቻውን ፍርድ አይሰጥም። ሐኪሙ ከፒ.ኤስ.ኤ.ው፣ ከሰውየው ሁኔታ ጋር ያስተያየዋል፤ ከጥቂት ወራት በኋላም ደግሞ ያነሳዋል። ድጋሚ ልበል፤ የደመቀ አጥንት ሁሉ የባሰ አጥንት አይደለም። እየዳነ ያለ አጥንትም ይደምቃል።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ወደ ፔት ስካን ደረስን። ብዙ ሰው ስሙን ሰምቷል። እውነተኛው የማታ ፎቶ እሱ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሴሎች የሚበሉትን ነገር፣ ለምሳሌ ስኳር፣ ጨረር ይለጥፉበታል። በደም ሥር ይሰጣል። በብዛት የሚበላው ሴል ብዙ ይወስዳል፤ ካሜራው ላይ ይበራል። ካንሰር ስኳር በብዛት እንደሚበላ ጀርመናዊው ኦቶ ዋርበርግ ያስተዋለው ከመቶ ዓመት ገደማ በፊት ነው። በዚህ በተለጠፈበት ስኳር የሰው ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ የተመረመረው እ.ኤ.አ. በ1976 አሜሪካ፣ ፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ነበር።

ዝግጅቱን ልንገራችሁ፤ ለእኛ ኑሮ የሚጠቅም ነገር አለው። ስድስት ሰዓት ያህል ከምግብ መታቀብ አለ። ጾም የለመደ ሰው አይቸገርም። ግን ውሃ አይጾምም፤ ውሃ ይጠጣል። ስኳር በሽታ ያለበት ሰው አስቀድሞ ለሐኪሙ ይናገር። በዋዜማው ከባድ ሥራ የለም፤ አራተኛ ፎቅ ጀሪካን ማውጣት ጭራሽ የለም! ለምን? የደከመ ጡንቻ ስኳሩን ይሻማል። መድኃኒቱ ከተወጋ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ጸጥ ብሎ መቀመጥ ነው። ወሬ እንኳ አይመከርም፤ ብዙ ያወራ ሰው ጉሮሮው ምስሉ ላይ ይበራል። ቤት ሲመለስም ለጥቂት ሰዓት ነፍሰ ጡርና ሕፃን አለመቅረብ ነው።

አሁን የማይጠበቀውን ልንገራችሁ። የፕሮስቴት ካንሰር በጅምሩ ስኳር ብዙ አይወድም። ቀስ ብሎ የሚያድግ፣ ቁጠባ የሚያውቅ ካንሰር ነው። ሻማ አብርቶ እንደሚያመሽ ቤት አስቡት፤ ሰው አለበት፤ ከሩቅ ግን ጨለማ ይመስላል። ስለዚህ የስኳሩ ፔት ስካን "የለም" ቢል ሊያሳስት ይችላል። ካንሰሩ የሆርሞን ሕክምናን አሸንፎ ኃይለኛ ሲሆን ግን ስኳር መብላት ይጀምራል፤ ያኔ ይህ ምርመራ ዋጋ አለው።

ስለዚህ ተመራማሪዎች ሌላ ምግብ ፈለጉ። ኮሊንን አገኙ፤ ሴል ግድግዳውን የሚሠራበት ነው። የሚያድግ ካንሰር ግድግዳ ያበዛል፤ ኮሊን ይሸምታል። የሆርሞን ሕክምና ሲይዝ ሸመታው ይቀንሳል፤ ምስሉም ይደበዝዛል።

ከዚያ ፒ.ኤስ.ኤም.ኤ. የሚባለው መጣ። ዛሬ ከፔት ስካኖቹ ሁሉ በላይ ስሙ የሚጠራው ይህ ነው። አሜሪካ ውስጥ የመጀመሪያው ፈቃድ የተሰጠው እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ ነው። ፒ.ኤስ.ኤም.ኤ. በካንሰሩ ሴል ላይ ያለ ፕሮቲን ነው፤ በር ላይ እንደተለጠፈ የቤት ቁጥር ነው እንጂ መብራት አይደለም። ካንሰሩ የት እንዳለ በማግኘት ረገድ የሚወዳደረው ጥቂት ነው። ለሆርሞን ሕክምና ክትትል ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሕክምናው በተጀመረ ሰሞን የቤት ቁጥሩ ጎልቶ ሊወጣ ይችላል፤ ሕክምናው ሲረዝም ደግሞ ካንሰሩ ሙሉ በሙሉ ሳይጠፋ ቁጥሩ ብቻ ሊደበዝዝ ይችላል። ስለዚህ ምስሉን የሚያነበው ሐኪም መርፌው የተጀመረበትን ቀን ማወቅ አለበት። ቀኑን ንገሩት! የመርፌ ካርዳችሁን ይዛችሁ ሂዱ።

(አጭር ሙዚቃ)

"ታዲያ ፔት ስካን ለምን እንደ ራጅ በየቦታው አይገኝም?" የምትሉ ትኖራላችሁ።

መልሱ ከሰዓት ጋር የተያያዘ ነው። በስኳሩ ላይ የሚለጠፈው ፍሎሪን-18 ጉልበቱ በ110 ደቂቃ በግማሽ ይወርዳል። ጠዋት የተጋገረ እንጀራ ማታ ይበላል፤ ይህ ግን ጠዋት ተሠርቶ ማታ የለም። የሚሠራውም ሳይክሎትሮን በሚባል ውድ ማሽን ነው። ከሩቅ አገር ማስመጣት አይታሰብም። ከቃሊቲ እስከ መሃል ከተማ ያለው የመኪና መጨናነቅ ብቻውን ምን ያህሉን እንደሚበላው አስሉት። በጎረቤታችን ኬንያ፣ ናይሮቢ ያለው የአጋ ካን ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ2018 ይህን ምርመራ ከነሳይክሎትሮኑ ጀምሯል። ለብዙ ኢትዮጵያውያን ግን ፔት ስካን ማለት የአውሮፕላን ትኬት ማለት ሆኖ ቆይቷል።

ተስፋ የሚሰጥ ነገር ልጨምር። ለፒ.ኤስ.ኤም.ኤ. የሚያገለግለው ጋሊየም-68 ሳይክሎትሮን ሳይኖር ሊገኝ ይችላል። ጀነሬተር የሚባል ትንሽ ዕቃ አለ፤ እንደ ላም እየታለበ ለወራት ያገለግላል። እንደኛ ላለ አገር በሩን የሚከፍተው ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። ኢትዮጵያ ከዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ መሥራች አባላት አንዷ ናት፤ እ.ኤ.አ. ከ1957 ጀምሮ። ይህን ዕቃ የመጠየቅ መብቱም ልምዱም አለን።

ከጨረር ነጻ የሆነ መንገድም እየተጠና ነው። ጤነኛ ፕሮስቴት ሲትሬት የሚባል ንጥረ ነገር ያከማቻል፤ ካንሰር ሲሆን ሲትሬቱ ይጠፋል። ይህን በኤም.አር.አይ. ማየት ይቻላል። ሳን ፍራንሲስኮ ያሉ ተመራማሪዎች ደግሞ ፓይሩቬት የሚባል የስኳር ቁራሽ በልዩ መንገድ አዘጋጅተው፣ በሰውነት ውስጥ ወደ ላክቴት ሲለወጥ በሴኮንዶች ውስጥ ማየት ቻሉ። በሰው ላይ የሞከሩትን ያሳተሙት እ.ኤ.አ. በ2013 ነው። ከዓመታት በኋላ የሆርሞን ሕክምና የጀመረ አንድ ታካሚ በስድስተኛው ሳምንት አዩ። የካንሰሩ መብራት ጠፍቶ ነበር፤ በተለመደው ኤም.አር.አይ. ግን ዕብጠቱ ብዙም አልተለወጠም። ሕንጻው ቆሟል፤ መስኮቱ ጨልሟል። ይህ ገና ምርምር ነው፤ ሐኪም ቤት ሄዳችሁ "ይታዘዝልኝ" የምትሉት አይደለም።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ከልቤ የምለውን ልበል።

ቤተሰብ አባቱን ለማዳን ሲል መሬት ይሸጣል፤ ይበደራል፤ በዕድር፣ በቤተ ክርስቲያን፣ በመስጊድ ገንዘብ ይሰበስባል። ወደ ሕንድ ወይም ወደ ቱርክ ይልከዋል። ይህ ፍቅር ነው፤ ማንም ሊነቅፈው አይገባም። ግን ትኬቱ ከመቆረጡ በፊት ለሐኪሙ አንዲት ጥያቄ አቅርቡ፦ "ዶክተር፣ ይህ ምስል ምን ቢያሳይ መድኃኒቱ ይለወጣል?"

መልሱ "እንዲህ ካሳየ ይህን መድኃኒት እንጀምራለን፤ ያን ካሳየ ጨረር እንሰጣለን" ከሆነ ምስሉ ዋጋ አለው። "ምንም ቢያሳይ ያንኑ መርፌ እንቀጥላለን" ከሆነ ግን ያ ገንዘብ ለመርፌው፣ ለፒ.ኤስ.ኤ.ው፣ ለምግብ ይዋል። ጥሩ ሐኪም በዚህ ጥያቄ አይቆጣም። ፒ.ኤስ.ኤ.ው ወርዶ የተቀመጠ፣ ሕመሙ የረገበ ሰው ፔት ስካን ስላላገኘ ክትትሉ ጎደለ ማለት አይደለም። ሃጊንስ በደም ልኬት ነበር የጀመረው።

ምስል የማይጠበቅባቸው ነገሮች ግን አሉ። የፕሮስቴት ካንሰር ያለበት ሰው እግሩ ድንገት ከዛለ፣ ከደነዘዘ፣ ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር ካቃተው፣ የጀርባ ሕመሙ ካየለ፣ ይህ ድንገተኛ ነው። ካንሰሩ የአከርካሪ ነርቭን እየተጫነ ሊሆን ይችላል። ነገ አይባልም፤ ቀጠሮ አይጠበቅም። ኮዬ ፈጬና አቃቂ አካባቢ ያላችሁ ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል ቅርባችሁ ነው፤ በዚያው ሌሊት ሂዱ። በሰዓታት የዘገየ ሕክምና መራመድን ሊያሳጣ ይችላል።

ደግሜ ልንገራችሁ። እግር ከዛለ፣ ሽንት መቆጣጠር ካቃተ፣ በዚያው ሌሊት።

ጋሼስ? የእኛ ጋሼ ወረቀቶቹን ሁሉ በአንድ ፌስታል ያስቀምጣል። ፌስታሉ በር ጀርባ ምስማር ላይ ተሰቅሏል። ውስጡ የናሙናው ውጤት አለ፤ የፒ.ኤስ.ኤ. ወረቀቶች በቀናቸው ተደርድረዋል፤ የአጥንት ስካኑ ሲዲ አለ፤ የመርፌ ካርዱ ከሁሉም በላይ ነው። ልጁ በካርዱ ጀርባ የሚቀጥለውን ቀን በትልቁ ጽፎለታል። ጀሪካን አያነሳም፤ የጎረቤቱ ልጅ ታወጣለታለች። በየማለዳው ግን በብሎኮቹ መሃል ይራመዳል፤ ሆርሞኑ ለሚያሳሳው አጥንት ጥሩ ነው ተብሏል።

እናንተም ዛሬ ማታ፣ ይህ ዝግጅት እንዳለቀ፣ የአባታችሁን ፌስታል አውርዱና የሚቀጥለው መርፌ መቼ እንደሆነ ተመልከቱ። ቀኑ አልፎ ከሆነ ነገ ጠዋት ውሰዱት።

ሰላም እደሩ።

(መለያ ሙዚቃ ከፍ ይላል።)